ሳይታመሙ የሚታከሙ ዶሮዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ፈረንጅ ዶሮ “የማያውቅ” ሰው የለም። የዶሮ ጥብስ አዛችሁ ስትቀመጡ ከጎናችሁ አንድ ሊቅ አይጠፋም። “በሆርሞን ነው እኮ በ45 ቀን የሚያደርሷት!” ይላችኋል። ወንዱን ጡት ያስወጣል፤ ሴቷን ያለ ዕድሜዋ ያደርሳል፤ ወዘተ፣ ወዘተ። ሊቁ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ከሳህናችሁ አንድ እግር አንሥቶ መጋጥ ይጀምራል።

እሺ፣ ከሊቁ እንጀምር። ሆርሞኑ የለም። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1957፣ ከ1978 እና ከ2005 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የተገኙ ሦስት የዶሮ ዘሮችን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ ጎን ለጎን አሳደጉ፤ ውጤቱን በ2014 አሳተሙት። በ56ኛው ቀን የ1957ቷ ዶሮ 905 ግራም መዘነች። የ1978ቷ 1 ኪሎ ከ800 ገደማ፤ የ2005ቷ 4 ኪሎ ከ200። መኖው ያው፣ ቀኑም ያው ነው። የተለየው ዘሩ ብቻ ነው። ለ50 ዓመት ፈጥና የምታድገውን እየመረጡ ማዳቀል እዚህ ያደርሳል። ደግሞስ የዕድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፤ ከመኖ ጋር ቢሰጥ እንደማንኛውም ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። 10 ሺህ ዶሮ አንድ በአንድ እየያዘ ደጋግሞ በመርፌ የሚወጋ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያተርፍ ነጋዴ ካገኛችሁ ለእኔም አስተዋውቁኝ።

የሆርሞኑ ወሬ ግን እንዲሁ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቀልድ አይደለም። ጉዳት አለው። ከተማው በሙሉ በሌለ ሌባ ላይ ዓይኑን ተክሎ በፊት በር ሲጠብቅ ትክክለኛው ሌባ በጓሮ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው። የዚያ ሌባ ስም አንቲባዮቲክ ነው። የቤት ስሙ ደግሞ “ቫይታሚን”።

ዶሮ እርባታ የጀመረ ጓደኛ የሌለው የዚህ ከተማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ሥራ ፍለጋ የሰለቸው፣ ተደራጅቶ ብድር ያገኘ፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ያጠራቀመችውን በጫጩት ላይ ያፈሰሰች... ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ “የሌማት ትሩፋት” መጥቶ ጫጩት የመንግሥት አጀንዳ ሆኗል። እንግዲህ ይህ ጓደኛችሁ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ሲረከብ አብሮ የሚገዛት አንዲት ፓኬት አለች። ፊቷ ላይ ቀይ ኩክኒ ያላት ወፍራም ዶሮ ተሥላባታለች። “ቫይታሚን ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ውኃ ላይ በጥብጥላቸው” ይባላል። ጓደኛችሁ ይበጠብጣል። ፓኬቷን ገልብጣችሁ ጀርባዋን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህ ነው፦ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አንዳንዴም ኒኦማይሲን፤ ከዚያ በታች በደቃቁ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ። ቫይታሚኑ አጃቢ ነው። ሙሽራው አንቲባዮቲኩ ነው።

ጫጩቶቹ ግን አልታመሙም። ገና ከተፈለፈሉ 24 ሰዓት አልሞላቸውም። ምን ሊታከሙ ነው?

“መከላከያ ነው” ይላል ባለ ፓኬቱ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ስታስነጥስ እንደገና ይበጠብጣል፤ አሁን ደግሞ “ሕክምና ነው”። ከተማዋ ውስጥ ፈንግል ገባ ሲባል ይበጠብጣል፤ ፈንግል የቫይረስ በሽታ መሆኑንና አንቲባዮቲክ ቫይረስን ምንም እንደማያደርገው ሳይጠይቅ። ለፈንግል የሚሆነው ክትባት ነው። ክትባቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ አይጠበቅም፤ ብዙዎቹ ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች ባሉባት በዚያችው ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ከክትባቱ ፋብሪካ በባጃጅ በሚደረስበት ሰፈር አንድ ወጣት ለቫይረስ ኦክሲቴትራሳይክሊን እየበጠበጠ ነው።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብትሉ፣ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሌደርሊ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ ለጫጩት ርካሽ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ኦሪዮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲመረት የሚተርፈውን አተላ ለጫጩቶች አበሉ። ጫጩቶቹ በቢ12 ብቻ ሊገለጽ ከሚችለው በላይ ፈጥነው አደጉ። አተላው ውስጥ የቀረው የመድኃኒት ቅሪት ነበር ሥራውን የሠራው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንቲባዮቲክ እንደ በቆሎና እንደ ፋጉሎ የመኖ ግብዓት ሆነ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1945፣ የፔኒሲሊን አባት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር አስጠንቅቆ ነበር፦ ረቂቅ ተሕዋስያንን ለማይገድላቸው አነስተኛ መጠን ማጋለጥ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙት ማድረግ ነው አለ። የእንስሳት መኖው ኢንዱስትሪ ታዲያ ሰውየው “አታድርጉ” ያለውን ቃል በቃል ወስዶ የቢዝነስ ዕቅድ አደረገው።

በትንሽ በትንሹ መስጠት ማለት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ማሠልጠን ነው። የሠለጠነው ባክቴሪያ ደግሞ ዶሮ ቤት ውስጥ አይቀርም። በሠራተኛው እጅ፣ በጫማው፣ በሥጋው፣ ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ ተብሎ በጆንያ በሚሸጠው ኩስ ይወጣል። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የዶሮ ብቻ መድኃኒት አይደለም፤ የእናንተም ነው። በዓለም ዙሪያ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 1.27 ሚሊዮን ይገመታሉ፤ የሞቱ ምጣኔ ከሁሉም የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ይህ ሁሉ የዶሮ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሁለት ቀን ውጣችሁ የተዋችሁትም ድርሻ አላችሁ። ግን ቢያንስ እናንተ አሟችሁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። እንዲህ ያለውን ነገር ስናነሳ ሁልጊዜ አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ የተማረ ሰው ነው። “ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ድሃ አገር ውስጥ ርካሽ ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንቲባዮቲኩን ከወሰድክበት ድሃው ገበሬ ይከስራል” ይላል። ድሃውን እንደ ጋሻ ይዞ የሚሟገት ሰው ሳይ ወዲያው ሒሳቡን አሳየኝ ማለት እወዳለሁ። ሒሳቡ ይኸውላችሁ።

ስዊድን በ1986 ለዕድገት ተብሎ የሚሰጥን አንቲባዮቲክ ከለከለች። የዴንማርክ ዶሮ አርቢዎች በ1998 ማንም ሳያስገድዳቸው በራሳቸው አቆሙ። የዴንማርኩ ጉዳይ ደግሞ በጥንቃቄ ተመዝግቧል፤ ካቆሙ በኋላ አንድ ኪሎ ዶሮ ለማድረስ የሚያስፈልገው መኖ በ16 ግራም ገደማ ጨመረ። 16 ግራም! ጭብጥ የማትሞላ በቆሎ። የሚሞተው ዶሮ ቁጥርም አልጨመረም። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2006 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ለዕድገት የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች አገደ። አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን በ2017 ከዕድገት ማፋጠኛነት አወጣች። ቻይና እንኳ፣ የዓለም ግማሽ አሳማ የምታረባዋ ቻይና፣ ለሰው የመጨረሻ አማራጭ የሆነውን ኮሊስቲንን የሚቋቋም ተላላፊ ዘረ መል በ2015 በእርባታዎቿ ውስጥ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በ2017 ኮሊስቲንን ከመኖ አወጣች፤ በ2020 ደግሞ ሌሎቹን አስከተለች። ቻይናን “ቅንጦተኛ” የሚላት ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚህም የሚብሰውን ልንገራችሁ። ፐርዲው የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ዶሮ አምራች በ7 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ላይ አንቲባዮቲክ ያለበትንና የሌለበትን መኖ አወዳድሮ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንን መረጃ ይዘው በ2007 የኢኮኖሚ ስሌት ሠሩበት። ዶሮዋ በመድኃኒቱ ምክንያት የጨመረችው ክብደት የመድኃኒቱን ዋጋ እንኳ አልሸፈነም። ኪሳራው በአንድ ዶሮ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ያነሰ ነበር። ያለ ትርፍ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ።

በርግጥ አንድ ነገር መካድ አይቻልም። የዴንማርክ ዶሮ ቤትና የእኛ ዶሮ ቤት አንድ አይደሉም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሐቅ አለ፦ በንጹሕና አዲስ ቤት ውስጥ የሚያድጉ ጫጩቶች በመኖ ከሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው፤ በቆሻሻና ባረጀ ቤት ውስጥ ላሉት ግን ጥቅሙ ይበዛል። የተማረው ወዳጃችን ይህንን ሲሰማ “ይኸው!” ሊለኝ ነው። ይበል። ነገሩ የሚያሳየው ግን የእሱን ተቃራኒ ነው። መድኃኒቱ እየተካ ያለው መጥረጊያን ነው። ያልተቀየረ ጉዝጓዝን፣ የአሞኒያ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ቤትን፣ በአንድ ካሬ ሜትር የታጨቁ 20 ዶሮዎችን፣ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው ጫማ ሳይለወጥ የሚደረግ ጉብኝትን። ኖራና መጥረጊያ ከኦክሲቴትራሳይክሊን ይረክሳሉ። ግን ኖራና መጥረጊያ ላይ ወፍራም ዶሮ የተሣለበት ፓኬት የለም፤ ኮሚሽን የሚያገኝበት ሰውም የለም።

*

ታዲያ በመድኃኒቱ ፋንታ ምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፤ ወደ ፊንላንድ እንሂድ።

በ1971 ፊንላንድ ውስጥ ሳልሞኔላ የሥጋ ዶሮ እርባታዎችን አጥለቀለቀ። እስኮ ኑርሚ የተባለ ተመራማሪ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ትልቅ ዶሮ የማይበግራት ሳልሞኔላ ጫጩትን ለምን ይይዛታል? ትልቋ ዶሮ አንጀቷ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ጫጩቷ ግን ባዶ ናት። በተፈጥሮ ጫጩት ከእናቷ ሥር ነው የምትፈለፈለው። እናቷ ስትጭር ትጭራለች፤ እናቷ የነካችውን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ኩሷንም ጭምር፣ ትለቅማለች። በዚህም የእናቷን የአንጀት ነዋሪዎች ትወርሳለች። መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የምትፈለፈል ጫጩት ግን እናት የላትም። እንቁላሉ በመድኃኒት ታጥቧል፤ ማሽኑ ንጹሕ ነው። ባዶ አንጀቷን ይዛ ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ ጉዝጓዝ። መጀመሪያ ያገኛት ባክቴሪያ ባለቤት ይሆናል።

ኑርሚና የሥራ ባልደረባው ራንታላ ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት የተወሰደ ይዘት በጥብጠው ለአንድ ቀን ጫጩቶች ሰጡ። ከዚያ ሳልሞኔላ ሰጧቸው። አብዛኞቹ አልተያዙም። ይህ በ1973 “ኔቸር” መጽሔት ላይ ወጣ፤ የዛሬው የዶሮ ፕሮባዮቲክ ንግድ አንዱ አያት እሱ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አንጀት ሚኒባስ ነው። ወንበሮቹ በደህና ተሳፋሪዎች ከተያዙ ሳልሞኔላ ደርሶ በሩን ቢደበድብ ረዳቱ “ሞልቷል!” ይለዋል። ትርፍ አይጫንም። (ምሳሌው እዚህ ላይ ከእኛ ሚኒባስ ይለያል።) ደህናዎቹ ተሳፋሪዎች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፣ አካባቢውን ያኮመጥጣሉ፣ ለመጥፎዎቹ አይመችም። አንቲባዮቲክ ታዲያ ምን ያደርጋል? ወደ ሚኒባሱ ገብቶ ደህናውንም መጥፎውንም ያወርዳል፤ ወንበሩን ባዶ አድርጎ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚሳፈረው ማን እንደሆነ ገምቱ፤ መድኃኒቱን የተላመደው ነዋ!

የሥጋ ዶሮ ዕድሜዋ 45 ቀን ብቻ መሆኑን አትርሱ። የአንጀቷ ሰፈር ተረጋግቶ እስኪያዝ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ማለትም የሕይወቷ ግማሽ ገደማ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉ ነገር ናቸው። እኛ ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው ኦክሲቴትራሳይክሊን የምንበጠብጠው። የሀበሻ ዶሮ ባለቤት የሆነችው የገጠር እናት ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር ግቢ ስትለቅ የኑርሚን ዘዴ ሳታውቀው በየቀኑ ትሠራዋለች። እርግጥ የእሷ ጫጩቶች በጭልፊትና በፈንግል ያልቃሉ፤ ወደዚያ እንመለስ እያልኩ አይደለም።

*

እስካሁን ያጨበጨባችሁልኝ የ“ተፈጥሮ” ወዳጆች፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ባለፉት ዓመታት አንድ አዲስ ነጋዴ ተወልዷል። አንቲባዮቲክ መጥፎ መሆኑን እንደ እኛው ያውቃል፤ ስለዚህ “መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ” የሆነ ዱቄት ይሸጥላችኋል። ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ጥቁር አዝሙድ አለበት፣ እርድ አለበት። (ለዶሮ እርድ ማብላት በአማርኛ ሲነገር መጥፎ ንግርት አለው፤ ይለፈን።) በሽታ ይከላከላል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ሞትን ያስቀራል፣ ሥጋውን ያጣፍጣል። አንቲባዮቲክ ሻጩ እንኳ ይህን ሁሉ ቃል ገብቶ አያውቅም።

ቅመሞቹ ባዶ ናቸው አልልም። ጦስኝን ውሰዱ። ባሌና መንዝ ተራራ ላይ የሚበቅለው የዚሁ አገር ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ቅመሞች አሉት፤ እነዚህ የባክቴሪያን ቆዳ ይበሳሉ። ኦሬጋኖ በሚባለው የፈረንጅ ቅጠል ውስጥ ያሉትም እነሱው ናቸው፤ ፐርዲው ዛሬ ኦሬጋኖና ፕሮባዮቲክ ከሚጠቀሙት አንዱ ነው። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ላይ የሠራ ነገር ዶሮ አንጀት ውስጥ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። በዶሮ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ውጤታቸው ይለያያል፤ አንዱ ክብደት ጨመረ ይላል፣ ሌላው ለውጥ የለም ይላል። ምክንያቱም ጦስኝ ፋብሪካ አይደለም። የተቆረጠበት ወር፣ የደረቀበት መንገድ፣ የበቀለበት ከፍታ ዘይቱን ይለውጠዋል። የባሌው አንድ ከረጢትና የመንዙ አንድ ከረጢት አንድ መድኃኒት አይደሉም። ደግሞ ጦስኝ ዱር ቀመስ ነው፤ ማንም እርሻ ላይ አልዘራውም። ነገ የመኖ ማቀነባበሪያዎች በኩንታል እንግዛ ቢሉ ተራራው ተላጭቶ ያድራል፤ ሻያችሁም ይቀራል።

ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ እናስላ፤ ሒሳብ እንደምወድ ነግሬያችኋለሁ። “መኖው ላይ አንድ በመቶ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ጨምሩ” ይላሉ። አንዲት የሥጋ ዶሮ እስክትደርስ 4 ኪሎ ገደማ መኖ ትበላለች። አንድ በመቶው 40 ግራም ዱቄት ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲደርቅ ከሦስት እጅ ወደ አንድ ስለሚቀንስ 120 ግራም ገደማ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ለአንድ ዶሮ። 500 ዶሮ ላላት ጓደኛችን 60 ኪሎ! በዓል ሲደርስ ነጭ ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደሚገባ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ለወጡ ያልተረፈውን ለዶሮዋ?

ሐሮማያን ጨምሮ የግብርና ትምህርት በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በነጭ ሽንኩርት፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በአብሽ፣ በሽፈራው ቅጠል ላይ የተሠሩ የማስተርስ ጥናቶች አሉ። የሚያስመሰግን ነው። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሙከራው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በጥቂት መቶ ጫጩቶች፣ በዩኒቨርሲቲው ንጹሕ ቤት፣ በባለሙያ እጅ ነው። ከላይ እንዳየነው ንጹሕ ቤት ውስጥ ምንም ጨመራችሁ ምን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥያቄው ያለው ሱሉልታ በቆርቆሮ ቤት፣ ባረጠበ ጉዝጓዝ ላይ ነው። እዚያ ይሞከር። ከመመረቂያ ጽሑፍ አልፎ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጥናት ለጫጩቷም ለጓደኛችንም አይደርስም።

“ፕሮባዮቲክ” ተብሎ የሚሸጠውም እንዲሁ ነው። ፕሮባዮቲክ ማለት በትርጉሙ ሕያው ተሕዋስ ነው፤ በበቂ መጠን ሲሰጥ ጥቅም የሚያመጣ። ሕያው! የሞተ ባክቴሪያ ዱቄት ነው። ላክቶባሲለስ ሙቀት አይችልም፤ መኖው በ80 ዲግሪ እንፋሎት ተጨምቆ እንክብል ሲሆን ያልቃል። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃም ይጎዳዋል። እንደ ባሲለስ ሰብቲሊስ ያሉት እንቅልፍ የሚተኛ ዘር ስለሚሠሩ ሙቀቱን ያልፉታል፤ ለዚህ ነው እንክብል መኖ ላይ እነሱ የሚመረጡት። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ በአንድ ግራም ስንት ሕያው እንዳለ፣ እስከ መቼና በምን ሙቀት እንደሚቆይ መጻፍ አለበት። “ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይዟል” የሚል ብቻ ከሆነ የኩሬ ውኃም ይይዛል። እና እባካችሁ፣ አንዱ ሱቅ በአንድ ፌስታል ፕሮባዮቲክና ኦክሲቴትራሳይክሊን ሸጦላችሁ “ሁለቱንም አንድ ላይ በጥብጡ” ሲላችሁ ሳቁበት። በግራ እጅ ተሳፋሪ ጭኖ በቀኝ እጅ ማውረድ ነው።

“ታዲያ እኛ እኮ እርሾ አለን፣ እርጎ አለን፣ አተላ አለን” የሚል የአገር ልጅ ደግሞ አለ። ልቤ ከእሱ ጋር ነው። አተላን ለከብትና ለዶሮ መስጠት የጥንት ነው፤ ውስጡም እርሾ አለ። ነገር ግን የጓዳ እርሾ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ቤቱ ይቁጠረው። በአንዱ ማሰሮ ደህና የሆነው በሌላው ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ሻጋታ ካነሣን ዘንድ፦ የሻገተ በቆሎና አፍላቶክሲን ያለበት የኑግ ፋጉሎ እያበሉ ከላይ ፕሮባዮቲክ መነስነስ ለማንም አይረባም። መኖ የዶሮ እርባታን ወጪ ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። ያ መኖ ከተበላሸ የቀረው ጌጥ ነው። ከእርሾአችንና ከእርጎአችን ለዶሮ የሚሆነውን ዝርያ ለይቶ፣ አባዝቶ፣ መድኃኒት የመላመድ ዘረ መል እንደሌለበት አረጋግጦ ማውጣት ግን እዚሁ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ከሮኬት ይቀላል።

*

ስለዚህ ምን ይሁን? ሕጉ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኃላፊነቱ ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን እጅ ነው። ባለሥልጣኑን አንዲት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ አንቲባዮቲክ ያለበት ፓኬት “ቫይታሚን” ተብሎ አይሸጥ። ፊቱ ላይ፣ ከወፍራሟ ዶሮ ጎን፣ በዚያችው ዶሮ ቁመት፣ በአማርኛና በኦሮምኛ “አንቲባዮቲክ” ተብሎ ይጻፍበት። ለዚህ አዲስ ስትራቴጂም፣ የሆቴል ወርክሾፕም፣ የጉዞ አበልም አያስፈልግም። ማኅተምና ቆራጥነት ይበቃዋል። የታመመች ዶሮ አትታከም ያለ የለም። ትታከም፤ የእንስሳት ሐኪም አይቷት፣ በሙሉ መጠን፣ ለተወሰነ ቀን። የኮክሲዲያ መድኃኒቶችም ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው፤ ከነሱ ብዙዎቹ ለሰው ሕክምና አይውሉም። ታይሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 “ምንም አንቲባዮቲክ” ከሚለው መፈክሩ ወደ “ለሰው የሚያስፈልግ አንቲባዮቲክ የለም” ወደሚለው የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎች ወቀሱት፤ ለእኔ ግን ሁለተኛው አነጋገር ይበልጥ እውነተኛ ነው።

የሌማት ትሩፋት አስተባባሪዎችም አሉ። በየመድረኩ ስንት ሚሊዮን ጫጩት እንደተሰራጨ ይነገረናል። ከጫጩቱ ጋር ስንት የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት፣ ስንት ሰዓት ሥልጠና፣ ስንት ጆንያ ኖራ እንደተሰራጨ ግን አንድም ቀን ሲነገር አልሰማሁም። ወጣቱን 200 ጫጩት አስታቅፎ ለመድኃኒት ቸርቻሪ አሳልፎ መስጠት የሥራ ዕድል ፈጠራ ከተባለ፣ ሥራው የተፈጠረው ለቸርቻሪው ነው።

የቀረው የበላተኛው ድርሻ ነው። የሥጋ ዶሮ አርቢ ሁዳዴ ሲገባ ካላንደር ይቆጥራል። ጾሙ 55 ቀን፣ ዶሮዋ 45 ቀን፤ ጾሙ በገባ በአሥረኛው ቀን አካባቢ ጫጩት ያስገባና ለፋሲካ ያደርሳል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ እጅግ አስጊዎቹ ናቸው፤ ገዢው ደጅ ቆሟል፣ አንዲት ዶሮ ብታዛጋ እጁ ወደ ፓኬቷ ይሮጣል። ማንኛውም መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ እስከ ዕርድ ሊጠበቅ የሚገባው የቀን ብዛት አለ፤ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ፓኬቱ ላይም ይጻፋል። የፋሲካ ዋዜማ ይህንን የሚጠብቅ ሰው ጻድቅ ነው። እናንተ ታዲያ ሱፐርማርኬት ወይም ዶሮ ተራ ስትሄዱ ስለ ሆርሞን መጠየቃችሁን ተዉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ “ለመጨረሻ ጊዜ መድኃኒት የጠጡት መቼ ነው?” ሻጩ “ኧረ እነዚህ መድኃኒት አይነካቸውም፤ ቫይታሚን ብቻ ነው የሚጠጡት” ካላችሁ ፓኬቱን አሳየኝ በሉት።